የመጋላ ሒሳብ

ማንደፍሮ መጣና ደጄ ላይ ቆመና፣
«ገና እንኳን አለፈ፣ ጥምቀቱ ቀረና፤
አዘዞ ሜዳ ላይ ሽልማት አለና፤
ከዚያ ሠርግ አለብን፣ ከዚያ ደግሞ ጎርጎራ፣
መጋላን አውጣልን» አለኝ እየኮራ።

ዝም አልኩት። የጣቴን አንጓ እየቆጠርኩኝ፣
ሟቹን ጓንጉል አባቴን በልቤ ጠየቅኩኝ፦
ለአንድ ፈረስ ጉግስ በዓመት ስንት ይበቃል?
ስንቴ ሽምጥ ቢሄድ መሄዱ ያበቃል?

አባቴ ደብተርም እርሳስም አልያዘ፤
ከኮርቻው ጠፍር ክር ነበር ያያዘ።
ጉግስ በዋለ ማግሥት አንድ ቋጠሮ ያስራል፤
አራት ከሞሉለት ኮርቻው ግድግዳ ላይ ያድራል።
መስቀል፣ ከዚያ ገና፣ ጥምቀት፣ ከዚያ ዳግማይ፤
«አምስተኛ የለም፣ ቢለምነኝ ሰማይ!»

እኔ ግን ቋጠሮ ቆጥሬ አላውቅም።

ዓምና በከተራ ታቦቱን አጅቤ፣
በጥምቀት ጋለብኩት ቀይ ግላስ ደርቤ፣
በቃና ዘገሊላ ሚካኤልን ሸኘሁ፣
በሳምንቱ ለሠርግ ቆላድባ ተገኘሁ፤
ሙሽራው ሊያምርበት፣ ታዳሚው ሊያጨበጭብ፣
በአንድ ወር ስድስቴ! ማን ቆጥሮ፣ ማን ሊያስብ?

እሱም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅኩት፤
የግራ እግሩን ጅማት በእጄ አልዳሰስኩት።
ሰባተኛው ዕለት፣ አዘዞ ሜዳ ላይ፣
ከፊት እየመራ፣ ድሉ ለዓይን ሲታይ፣
አልወደቀም። የለም። ቢወድቅ በተሻለ።
ሩጫውን ትቶ መራመድ ቀጠለ፣
እንደ ሽማግሌ፣ መንገድ እንደጠፋው፤
ልጓሙን ሳብኩለት፤ አንገቱን ደፋው።

ሐኪሟ ትርንጎ ተንበርክካ ዳሰሰች፤
«የዛሬ አይደለም ይሄ፣ ከርሟል» ብላ ተነሣች።
ሌላ አልተናገረች። ጨርቅ በውሃ ነከረች።

አምስት ወር በሙሉ፣ ጠዋት ድማዛ ወርደን፣
እስከ ጉልበታችን ከብርዱ ውሃ ገብተን
ቆምን፣ እሱና እኔ፣ ሁለት ተቀጪዎች፤
«ማንኛው ነው ሕመምተኛው?» አሉ ልብስ አጣቢዎች።

ከዚያ ወዲህ መልሱ ክሩ ላይ አይደለም፤
አራትም፣ ሁለትም፣ ለሁሉ እኩል የለም።
የማግሥቱን ንጋት ነው የምጠይቀው፦
ገብሱን ጨረሰ ወይ? ወይስ አስተረፈው?
ጅማቱ መዳፌን ያቀዘቅዘዋል ወይ?
ወይስ እንደ ቀትር ድንጋይ ያቃጥላል ወይ?
ስጠራው ይመጣል? ወይስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ
ይቆማል እንደ ባለዕዳ፣ አንገቱን ሰብሮ?

ከፋሲል መዋኛ ጎን፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣
የዞብል ነው የሚሉት አለ አንድ መቃብር።
ጎንደር ለፈረስ እንኳ መቃብር ታንጻለች፤
በሕይወት ሳለ ግን «ድገመው» ትላለች።
«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ስንል፣
ስንቴ እንዳደረሰን አንቆጥርም በውል።

«ለጥምቀት ብቻ» አልኩት።
                    «አዘዞስ?» «አይሆንም።»
«ሠርጉስ?»
          «ሙሽራው በባጃጅ ቢሄድ አይሞትም።»
«እንደ አባትህ አይደለህም» ብሎኝ ሄደ በንዴት።
ክሩን አላየውም። ቢያየውም አይገባው ምናልባት።

የውድድሩ ዕለት፣ ከሰዓት፣ ነፋሱ
ፉጨትና ኮቴ ይዞ ሽቅብ መድረሱ!
መጋላ ጆሮው ቆመ፤ በሩን በኮቴ መታ፤
አሽካካ፣ አሽካካ፣ አላቆመም እስከ ማታ።
እግሩን ዳሰስኩለት፦ ቀዝቃዛ ነው። ገብሱን በልቷል።
ዓይኑ በአጥሩ ቀዳዳ ሜዳውን ይፈልጋል።

ይሄን ማንም አልነገረኝ፤ አባቴም፣ ሐኪሟም፤
መፈለጉ መልስ ነው? መልስ ነው ልል አልችልም።
«ሩጥ» ስለው በደልኩት፤ «ተው» ስለውም በደልኩ።
ኮርቻውን አወረድኩ፤ መልሼ ሰቀልኩ።

ደግሜ አወረድኩት።