ሃያ ሦስተኛው ቀን

ኒጋታ፤ የጥር ወር። በረዶው በመስኮት ይወርዳል እንደ ላባ፤
መረብ ጠጋኝ ነበርሁ፤ «ተጠርጣሪ» አሉኝ ከጣቢያው ስገባ።
የኩሩማ መጋዘን በሌሊት ነደደ፤
ፋኖስ ይዤ ሳልፍ ያየኝ ዓሣ ሻጭ ለጥቆማ ሄደ።

መርማሪ ኢጋራሺ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ ይቀዳልኛል፤
ከዚያ በለሰለሰ፥ በደከመ ድምፁ፥ «እመን» ይለኛል።
አምናለሁ፦ በባሕር፥ በጠበቀ ቋጠሮ፥ በአባቴም መርፌ፤
እሱ የሚሻው ማመን ግን ሌላ ነው፤ የሚወጣ ከአፌ።

ጠበቃዬ ሚናሴ፥ ቀዳዳ በበዛው መስታወት ተጋርዳ፥
ቃል ታስጠናኛለች፤ እኔ ስድሳ ዓመቴ፥ ለፊደል እንግዳ።
«ተጠርጣሪ» አለች፥ «ጥያቄ ያለበት፥ ክስ ግን የሌለበት፤
ተከሳሽ ስትሆን ነው ዳኛ የሚሰማህ፥ በችሎቱ ፊት፤
ፍርደኛ...» አቋረጠች። «እሱን ቃል ተወው፤ አላስጠናህም።»
«ዋስትናስ?» አልኋት። «ክስ ሳይመሠረት እዚህ አገር የለም።»
«ዝም ብልስ?» «መብት ነው።»
በእኛ ወደብ ግን ሲጠየቅ ዝም ያለ
ያው ነው፥ «አዎ» ብሎ በደሉን በገዛ አፉ እንደ ተቀበለ።

ሁለት ቀን። አንድ ቀን። ዐሥር ቀን በዳኛ። ደግሞ ሌላ ዐሥር።
እነሱ ቀጠሮ፥ እኔ ግን ቋጠሮ እያልሁ በጣቴ ስቆጥር
መሸ፥ ነጋ።

በሃያ ሦስተኛው መርማሪው ጻፈልኝ፤ «እኔ» ብሎ ጻፈ፤
በእኔ ስም፥ በእሱ ብዕር፥ ሌላ ካዶዋኪ ወረቀት ላይ ሰፈፈ።
አነበበው ጮክ ብሎ፦ «ቂም ይዤ ነበር፥ ክብሪት ጫርሁ፥
ነበልባሉ ጣሪያ ሲደርስ ቆሜ ሣቅሁ።»

ቀይ ቀለሙ ቀርቧል፤ አውራ ጣቴ ደክሟል፤ እንቅልፍ የለኝም።
ክብሪቱን አለፍሁት፤ ቂሙንም አለፍሁት፤ «ሣቅሁ»ን አልቻልሁም።
የአባቴ መረቦች እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ያን ሌሊት አልቅሻለሁ።
«አንድ ቃል» አልሁት፥ «የማረም መብት አለኝ፤ ይታረም እላለሁ።»

«ትንሽ ነገር ናት» አለ።
አዎ፥ ትንሽ ናት። የመረብም ዐይን ትንሽ ናት፤
አንዷ ስትበጠስ፥ የቀረውን መረብ ማን ያቆመዋል ከመፈታት?

«አልሣቅሁም።» ጻፈው። «አልጫርሁምም።» ብዕሩ ቆመ።
ከዚያ ወዲያ በክፍሉ የሰዓቱ ድምፅ ብቻ አዘገመ።

ቀለሙ ተከደነ። ጣቴ ንጹሕ ነው፤ ከአሮጌ የመርፌ ጠባሳ በቀር።
ኮሪደሩ ላይ እግር ይሰማል፤ ወይ ክስ ነው፥ ወይ በር።