ከጫፍ በፊት

ሙሐረቅ፣ ከቀትር በኋላ፤ ሰፈሩ በሙሉ ተኝቷል፣
የማቀዝቀዣው ውኃ በግድግዳው ጠብ ጠብ ይላል።
"ረምላ!" አሉኝ አቡ ጃሲም፤ ሳህኑን ከአረፋው ትቼ፣
ወጣሁ ወደ ጋራዡ፣ የሰው ነጠላ ጫማ ተጫምቼ።

እንግሊዝ ከጦር ሰፈሩ ሲወጣ ጥሎት የሄደው ሞተር፣
ባለ አንድ ፒስቶን ቢኤስኤ፣ ጎኑ ተከፍቶ በጣውላ ላይ የሚያድር።
የእሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል። ስኳር ነው፣ ዕድሜም ነው።
የእኔ እጅ ከሚሴ፣ ከወንድሜ ወፍጮ ሥር ያደገ ነው።
ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ካቻቢቴ፤ ስማቸውን ስጠራ ጊዜ፣
"ጣሊያን ነሽ እንዴ?" ብለው ሳቁ። ጋራዥ ገባሁ በዚያው ጊዜ።

በካንዴላው ቀዳዳ የብስክሌት ሽቦ ሰደድን፣
የኋላ ጎማውን በጣት፣ በቀስታ እየገፋን።
ሽቦው ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ፤ ይኸው የፒስቶኑ ጫፉ።
"እሳቱ እዚህ ነው?" አልሁ። "እዚህ እየለኮሱ ስንቶች ሞተር አጠፉ!
እሳትም እስኪነድ ድረስ የሚሄደው መንገድ አለው፤
ከጫፍ በፊት ዐሥራ አንድ ሚሊ፣ ቀድመሽ ነው የምትጠሪው።"

ከሲጋራ ፓኮ ስስ ወረቀት ቀደዱ፤ ፑንቲናው ነከሰው።
ጫፉን ያዝሁ። "ሳብ አድርጊ፣ ግን አትሳቢው።"
ማግኔቶው በፀጉር ዞረ። እንደተነከሰ ነው።
በፀጉር ዞረ። አሁንም ነው።
በፀጉር —
ለቀቀኝ። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ጡት እንደሚለቅ ነው።

ይኸን ሁሉ የሚያውቁ ሰው፣ ፀጉር ከፀጉር የሚለዩ፣
የእኔ ደሞዝ ሦስት ወር ሲያልፍ ቀኑን አላዩ።
"ነገ" ይላሉ፤ ባንክ፣ ልጃቸው፣ ደግሞ ሐሙስ፤
ወንድሜ በዱቤ ነው፣ የወፍጮው ቺንጋ ቢበጠስ።

ለረመዳን ሳምንት ሲቀረው ፈተን ስንገጥመው፣
ወረቀቱ ሲለቀኝ ዝም አልሁ። ጥቂት አሳልፌ "አሁን" አልሁ። ዐውቄ ነው።

በአንድ ርግጫ ተነሣ። ደስ አላቸው፤ ሰፈሩን ዞሩ።
ሲመለሱ ማርሚታው ግሏል፤ ጉልበት የለውም ሞተሩ።
ጆሮ ሰጥተው ብዙ አደመጡ። "ዘግይቷል" አሉኝ።
"አዎ፣ አቡ ጃሲም። ሦስት ወር።" ቀና ብለው አዩኝ።

ሞተሩን አጠፉ፣ ገቡ። እኔም ሳህኔን አጠብሁ፤
ሌሊቱን በጨለማ ሻንጣዬን በዓይኔ ለካሁ።

ጠዋት፣ መፍቻዎቹ ባሉበት ጣሳ ሥር
የታጠፈ ዲናር፤ ቆጠርሁት፤ ሙሉ ነው፣ ሦስቱም ወር።
ከላዩ አንድ የሲጋራ ወረቀት፣ አዲስ፣ ያልተነከሰ።
ጎማውን ወደ ኋላ ገፋሁ፤ ሽቦው ዐሥራ አንድ ላይ ደረሰ።

"ለቀቀ?" አሉኝ ከበሩ።
"ገና ነው።"
ዝንብ እንኳ አልበረረም።
"ለቀቀ።"

ከዚያ ወዲህ ደሞዜን በሃያ ስምንት ይሰጡኛል፣
አንድም ቃል ሳይናገሩ። ጎረቤት ይገረማል።