እስከ ሃያ

እንጅባራ ውርጭ ነው፤ ቀርከሃው ነጭ ሆኗል፣
የአሮጊቷ መርሴዲስ ናፍጣዋ ረግቷል።

«ቁልፉን ግማሽ አዙሪ፤ አትቸኩዪ፤ ቁጠሪ፤
ካንዴሌታው ሳይግል ሞተሪኖ አትጥሪ።
ቤንዚን ይቆጣል ባንዲት ብልጭታ፣
ናፍጣ ታምቆ ነው ቂሙን የሚፈታ»
ይል ነበር አለኸኝ፣ ተደፍቶ ኮፈን ውስጥ፣
ዓይኑን ሳያነሣ፣ ቡሎን ሲለዋውጥ።

«ለቆራሌ ሽጫት» ሲሉኝ እሰማለሁ፤
ውሃውን ከፊልትሮ ቀስ ብዬ አፈሳለሁ፣
ከፖምፓዋ አየሩን አስተነፍሳለሁ፤
ለቅሶ ቤት ስገባ ናፍጣ ነው ነጠላዬ፣
እንዶድም ሞክሬ አልወርድ አለ ከላዬ።

አሥራ ስምንት... አሥራ ዘጠኝ...
ትንፋሼ መስታወቱን አደበዘዘው።
ሃያ።

አንዴ፦ ነጭ ጢስ፣ የጉንፋን ሳል።
ሁለቴ፦ ዝም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ «ልግፋ እንዴ?» ይላል።
ቆይ አልኩት።
እንደገና፣ ከአንድ።

ሦስተኛው ላይ አጥሩ ተንቀጠቀጠ፣
ዶሮው ከኮፈኑ በርግጎ አመለጠ፤
«አለኸኝ!» አልኩ ጮሄ፣ መሪውን አንቄ።
«ማንን ነው?» አለ ልጁ። እኔ ምን አውቄ!
ወረድኩ ወደ ቡሬ፣ ፍሪሲዮን ለቅቄ።