ተቀባዩ

«እስከ ዓርብ ድረስ ቁጥሩን አቅርቢልኝ፣
ትያርክ ስንት ያወጣል? በዩሮ ንገሪኝ።»
ወይዘሮ ሄኔከ ይህን ብለው ወጡ፤
ጃንጥላቸው ቀረ፣ እሳቸው አመለጡ።

ኅዳር ነው። ኪል ላይ ነው። ባሕሩ ይጮኻል፤
ከሜዳው አጠገብ ኮንቴይነር ቆሟል፤
ውስጡ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ስክሪን፣ እኔ፣
ፊልም ቆራጭ ሴት ነኝ፣ ደም የመሰለ ዓይኔ።

ሰንጠረዡ መልሱን ቀድሞ ነው ያወቀው፦
በዐሥራ ሁለት ግጥሚያ ሞላላዋን ኳስ የያዘው
ሠላሳ አንድ ጊዜ። ነጥብ አራት ብቻ።
ያ ከሊዮን የመጣው፣ ሎይክ፣ የእርሱ አቻ፣
ሰባ ሁለት ይዟል፤ ፎቶው ትራም ሞላ፤
ልጆች ስሙን ለብሰው ይሄዳሉ ከኋላ።

እህል ቢሆን ኖሮ በቁና ሰፍሬ፣
ከብት ቢሆን ኖሮ ጥርሱን ቆጣጥሬ፣
ዋጋውን በነገርኩ፤ ነፋስ ውስጥ የሚሮጥ
ሰው ግን በምን ሚዛን ሊመዘን፣ ሊመረጥ?

ደላላው ደወለ ከሃምቡርግ በጠዋት፤
«ፍጥነቱን አየሽ ወይ? አርባ ያርድ በስንት?
እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ገምጋሚ አይደለሁም፤
እንደ ገበያው ነው፣ ዋጋ ሥር የለውም።»
ትያርክ ራሱ ግን ስለ ዋጋው ዝም ይላል፤
ከዳቦ ቤት በላይ ጠባብ ክፍል ይኖራል፤
በብስክሌት ይመጣል ሰማዩ ሳይነጋ፣
ጓንቱ በጥርሱ ላይ፣ አንድ እጁ ከዳቦ ጋ።

ፊልሙን መለስኩት፤ ሦስተኛው ግጥሚያ፣
ትያርክ በግራ ጥግ፣ ከሰው ሁሉ ወዲያ።
ኳሷ ስትነሣ ቀጥ ብሎ በረረ፤
ሁለት ጠባቂዎች ይዞ ተሰወረ፤
ከኋላው ያለው ሣር ወለል አለ እንደ ደጅ፤
ሎይክ ሰተት አለ እንደ ቤት ወዳጅ።
ኳሷ መጣችለት። ሰው ሁሉ ተነሣ።
የኔም ካሜራ ዞሮ እርሱኑ አነሣ።
ያኛው የት ደረሰ? ከምስሉ ጠርዝ ላይ
ግማሽ ትከሻ ነው፣ በጭንቅ የሚታይ።
ሰንጠረዡ ለዚህ ምን ሰጠው? ምንም።
ዜሮ።
ኳስ ያልነካ ሰው
በዚያ ሩጫ አልነበረም።

ስድስተኛው ግጥሚያ፤ ዝናብ፤ ሜዳው ጭቃ።
ኳሱን ሌላ ይዟል፤ የእርሱ ሥራ ግን አላበቃ፤
በአርባ ኪሎ ያህል የሚበልጠውን ሰው
በደረቱ ገፍቶ ከመንገድ መለሰው።
የራስ ቁሩ ውስጥ ደም ይተፋል፣ ይስቃል፤
የወደቀውን ሰው እጁን ይዞ ያነሣል።

ግን አልዋሽም። አየሁ። የግማሽ ፍጻሜው ለት
ብቻውን ነበረ፤ ወርዋሪው ላከለት፤
የባሕሩ ነፋስ እንኳ ለአፍታ ቆሞለት፣
ኳሷ በእጁ መሐል ሾልካ አመለጠችበት።
ሦስት ሺህ ሰው «ኤጭ!» አለ። ያንን ኤጭታ
ዛሬም እሰማለሁ ድምፁን ባጠፋም ማታ።

ደግሞስ ዳኛዋ እኔ ንጹሕ ነኝ ወይ ራሴ?
ሚያዝያ ላይ ሲዘንብ በረዶ በልብሴ፣
ትሪፖዴን ይዞ ማማው ላይ የወጣ
እርሱ ብቻ ነበር። ጉቦ ከሆነ እንግዲህ፣ ይኸው ጉዱ ወጣ።

ተቀባይ ይሉታል፤ ስም እንዲህ ያሳስታል፤
ደረሰኝ ሳይጠይቅ ሲሰጥ ይውላል።

ሌሊት በስምንት ሰዓት አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤
ርእሱን ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ ደለዝኩ፤
«ያስከፈተው ደጅ»? «የጎተተው ዓይን»?
ቋንቋው አጠረኝ፣ ቁጥሩስ ከየት ይሆን?

ዓርብ ጠዋት መጡ፤ መነጽር አደረጉ፤
ስም የሌለው ዓምድ ላይ ሲደርሱ አዛጉ።
«ይህስ?»
«አንዴ ይቀመጡ» አልኩ።
ጃንጥላቸውን አነሡ፣ መልሰው አኖሩት።
ፊልሙን ከፈትኩት።
ሎይክን በወረቀት ሸፈንኩት፣
ኳሷንም ሸፈንኩ፤
የቀረው፣ ጠርዙ ላይ፣
ግማሽ ትከሻ ነበር፣
በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ፣
ኳሷ እንደማትመጣለት እያወቀ።