በግ፣ ጥቁር፣ አንድ

ታኅሣሥ ነው ጠባሴ፤ ሣሩ ጨው መስሏል፤
የድንች መጋዘኑን ቆርቆሮ ውርጭ ልሶታል።
እኔ በካፖርቴ፣ ታዘብ በጠጉሩ፣
ሁለት ነን ዘቦቹ፣ ያንድ ሰው ነው ብሩ።

ታዘብ ያልኩት እኔ፣ ሰው በከዳኝ ወራት፣
ስጠራው እንዲሰማ አንዳንዱ ጎረቤት።

ሐሙስ ሊነጋ ሲል መብራት አልባ ባጃጅ ታጥፎ መጣና
የኋላ እግሩን እስከ ጭኑ ዘነጠለውና
ሄደ።
አልጮኸም ታዘብ። ዝም ብሎ አየኝ፤
አበዳሪ ሆኖ የመጣ መሰለኝ።

ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሐኪም መልካም ሰው ነው፤
ጓንቱን አጠለቀ፣ ቁስሉን ገልጦ አየው።
«አንድ ሺህ ስምንት መቶ» አለኝ ቀስ ብሎ፣
ከፊቴ አስቀድሞ እጄን አስተውሎ።
«መድኃኒቱ በዶላር ነው፣ አባቴ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ወር ሙሉ ሌሊቱን ነቅቼ የማገኘው
ሁለት ሺህ አራት መቶ፤ ስምንቱ የቤት ነው።
ቀሪውን ሽሮ ያውቀዋል።
ትምህርቴ አራተኛ ነው፤ መቀነስ ግን አልረሳሁ፤
ታዘብን አቅፌ፣ ቁጥር እያወረድኩ፣ ከበሩ ወጣሁ።

ባለ መጋዘኑን ደውዬ ነገርኩት፤
«በግ ቢሆን ደግ ነበር» ብሎ ዘጋው፤ ሰማሁት።
ቀበሌ የሚሠራ አንድ ወዳጄ መጣ፦
«ማከሚያው ውድ ነው። መርዙ ግን በነፃ።»

ቅዳሜ በጠዋት፣ በማዳበሪያ ከረጢት
አቅፌ ጋሪ ላይ ወጣሁ፤ ፈረሱ ደም ሸተተውና ሸሸት
አለ።
ባለ ጋሪው ግን ዋጋ አልጨመረብኝም፤
«ለቁስለኛ» አለ፣ «ጭማሪ አልልም።»

የመንግሥቱ የከብት ክሊኒክ፣ ግድግዳው ላይ ተመን አለ፦
በሬ ሃያ። ላም ሃያ። ፈረስ አሥራ አምስት።
በግ ስምንት። ፍየል ስምንት።
ዶሮ እንኳ አለች፣ ከታች፣ በሁለት።
ከዶሮ ሥር ያለው ኖራ ብቻ ነው፤
እዚያ ኖራ ላይ ታዘብን ፈለግሁት።

ካርድ የምትጽፈው ዘርትሁን ትባላለች፤
እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየች፦
ከረጢቱን፣ እኔን፣ የሚንጠባጠበውን ደሙን፣
ከዚያ የአለቃዋን የተዘጋ በሩን።
«ስም?»
«ሸዋፈራው።»
«ዓይነት?»
ዝም አልኩ።
ጻፈችው፦
በግ፣ ጥቁር፣ አንድ።
ስምንት ብር።

«የመንዝ በግ አውቃለሁ፤ የዚህኛው ግን ጥርሱ…»
አሉ አንድ አዛውንት፣ ተራቸውን ለቀው ለእርሱ።

ስፌቱ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በጉ ጮኸ።
እንደ ውሻ።
የአለቃው በር ተከፈተ።
ግቢው ውስጥ ጠቦት እንኳ ትንፋሹን ያዘ።
«ምንድን ነው እሱ?»
«በግ ነው» አሉ አዛውንቱ።
«በግ ነው» አለ ሙክት የሚጎትተው።
«በግ ነው» አለች ዶሮ ያቀፈች ሴት፣ ዶሮዋን ይበልጥ ጥብቅ አድርጋ።
አለቃው በሩን መልሶ ዘጋ፤
ወይ አምኖ፣
ወይ በርዶት።

ስወጣ ዘርትሁን በጆሮዬ፦
«ድመት የታመመችበት ጎረቤት ካለህ፣
ፍየል ብሎ ይምጣ፤
በግ በዝቶብኛል።»

አሁን ሚያዝያ ነው። ታዘብ መጋዘኑን በሦስት እግሩ ይዞራል፤
አራተኛው፣ ስም እንደረሳ ሰው፣ መሬቱን ነካ አድርጎ ያስባል።
በወረዳው ሪፖርት ላይ አንድ በግ ትርፍ ሆኗል፤
ማንም አልጠየቀም።

ፋሲካ ሲቃረብ ግን፣ ቢላ ሲሳል ከደጄ፣
ጆሮውን ጥሎ ይጠጋል ወደ እጄ።
«አይዞህ» እለዋለሁ፤ «በግነትህ
ወረቀት ላይ ብቻ ነው።»