አንድ ስንዝር

«ከፍ አርግልኝ» አልከኝ፣ ቁልፍህን ወርውረህ፣
ገና ሻይ ሳልቀምስ በጠዋት ገስግሰህ።
ጠባሴ ጋራዤን ማን ነገረህ ልጄ?
እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ነው ወይ እጄ?

አዎ፣ አነሣለሁ። ባሌስትራ እደርባለሁ፣
ከሞላው ሥር ብረት በቶርኖ አስቆርጬ አስገባለሁ።
የመሐል ሜዳ ድንጋይ ሆዱን ሳይነካው
ያልፋል፤ የጓሳ ጭቃም አያንበረክከው።
ለመንዝ ብትለኝማ ቅንጣት አልሰስት፣
ግን ጎማህ ላይ የለም የመንዝ ጭቃ ምልክት።
አንተ የምታውቀው አስፋልት፣ ደብረ ብርሃን ሸኖ፣
ሠርግ ማጀብ ነው ሥራህ፣ ጡሩምባው ገንኖ።

«ያምራል» ትለኛለህ። አልዋሽህም፣ ያምራል፤
ከላይ ሆነው ሲያዩት ባጃጅ ሁሉ ጥሬ ይመስላል፤
ትራፊኩም ቢሆን ቀና ብሎ ያወራሃል።

ተቀመጥ እስኪ።
እዚያች ጎማ ላይ።
ኩርፊያው ይቆይህና ላዝዝልህ ሻይ።

ሸዋቀና የሚባል የሞላሌ ሰው ነበር፣
በግ ነጋዴ፣ ሳቁ ቀድሞት የሚናገር።
«ስንዝር ብቻ» አለኝ፣ መዳፉን ዘርግቶ፤
ሰጠሁት በሱ ልክ፣ ከኔ ባንድ ጣት በልጦ።

ጭድ ጭነህ ታውቃለህ? ከብዶ አይደለም ጭዱ
አህያ የሚጥለው፤ ቁመቱ ነው ጉዱ።

ጫጫ ሜዳ ላይ ንፋስ በጎን ሲገፋው
መሪው ይሸሸዋል፤ እሱ ጎማ ነው የመሰለው።
ሦስቴ ተመለሰ፣ «አስተካክልልኝ»፤
ሦስቴ አስተካከልሁ፤ ከፈለኝ፤ ዝም አልኩኝ።
ፍሬኑም ሰነፈ። ያን የሚያህል ጎማ
በድሮው ሸራ አይቆም፣ ቢረግጡት አይሰማ።
መብራቱስ? መሬቱን ትቶ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፤
ከፊት የሚመጣው ሾፌር ባንድ እጁ ፊቱን ይጋርዳል፤
እሱ ግን ሰላምታ መስሎት እጁን ያውለበልባል።
ከፍታ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያሳይም፤
ከኮፈኑ ፊት የቆመ ሕፃን ፀጉሩ አይታይም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፣ ቡሎን ሳጠብቅም፤
ግን ብር እየቆጠሩ መናገር አይመችም።

ጥቅምት ነው። ጣርማ በር።
ከዋሻው ሲወጣ፣ ቁልቁለቱን ሲይዝ፣
መምህርት እጥፍወርቅ፣ በትንሽዬ ቪትዝ፣
ፍሬን ያዝ አድርጋለች፤ ጉም ነው፣ ምን ታድርግ?
ጎኑ ላይ ገደል ነው፤ ጀርባው ላይ ሃያ በግ።
ረገጠ።
አልያዘም።
ፓራውልቱ የሷን ፓራውልት አልነካም፤
በላይ አልፎ ገባ በኋላው መስተዋት።
ወንበሩ ላይ ሰው የለም፣ ያምላክ ቸርነት፤
የስምንተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት።
መሪውን ጠምዘዝ አደረገ፤ ጥቂት፤ ክንድ አይሞላም፤
ከዚያ ጭዱ ሆነ። ሌላ ቃል የለኝም።

የደብረ ሲና ገበሬ እስከ ማታ ድረስ
ከቁጥቋጦው ወረቀት ሲለቅም፣ ደም ሲያብስ።
ክሬን አስከትዬ ወረድሁ። ሆዱን ለሰማይ ሰጥቷል፤
የኔ ብረት፣ የኔ ብየዳ፣ እንዳለ ቀጥ ብሏል።
አንድ ቡሎን አልላላም።
ሥራዬ ጥሩ ነበር። ያን ለሰው አልነገርኩም።

በጎቹ አለቁ። እጥፍወርቅ፣ አንገቷ በጀሶ ታስሮ፣
ፈተናውን አርማ መለሰች፣ ደም የነካውንም አብሮ።
ሸዋቀና ተርፏል። በምርኩዝ ይሄዳል፤
ያ ቀድሞት የሚመጣው ሳቁ አሁን ከኋላው ይጎተታል።

እና ልጄ፣
የተቀመጥህባት ጎማ የማን ትመስልሃለች?
አትነሣ። አትናከስም። ሁለት ዓመት ዝም ብላለች።

ቁልፍህ ይኸው፣ ያዝ። ሂድና መንዝ ውጣ፤
ጭቃ ተቀብተህ፣ ተንገላተህ ስትመጣ
ያን ጊዜ እናወራለን፣
መጀመሪያ ግን ስለ ፍሬን።

ሱሪህን አራገፍህ። ሻይህን በቁምህ ጨለጥህ።
መኪናህን አየህ። ጎማዋን አየህ።
በሩ ጋ ደርሰህ፣ ድምፅህን ቀንሰህ፣
«ጋሽ እርገጤ፣
ሁለት ጣትስ?» አልህ።