ቢል የሌለው ብርጭቆ

ሰኞ ነው። ሆቴሉ ዛሬ አይጠራኝም፤
ጥቁር ሽርጤ ምስማር ላይ ነው፣ ፈገግታዬን አልተኮስኩትም።
የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ገና በጠዋት ያንኳኳል፣
ነፋሱ አቧራ ሸክፎ ከደጅ ጓዳ ይመላለሳል።

ዘጠኝ ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ፣
አበሉን ቆጥሮ ለሚወጣ፣ ለሚገባ፣
ቀይ መጠጥ ቀምሜ፣ አበባ አንሳፍፌ፣
አቅርቤያለሁ፣ ቆሜ፣ ትሪዬን ደግፌ።
ዋጋውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ከነቫቱ፣ ከነሰርቪሱ፤
ጣዕሙን የሚያውቁት ግን፣ ተጎንጭተው የተነሡ።

ዛሬ ለራሴ ነው።

እንጆሪውን ከሲፈን ገዛሁ፣ ከመናኸሪያው በር፤
ግማሹ ላልቶ፣ ጋዜጣውን በቀይ የሚያርም እንደ መምህር።
«ዛሬ ካልጠጣሽው ነገ የለም» አለችኝ፤
ሃያ ብር ቀንሳ፣ አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ጣል አደረገችልኝ።

አበባው ነበር ጭንቁ።
የሆቴሉ ጽጌረዳ የእርሻ ነው፣ መድኃኒት ተረጭቶበታል፤
ለዓይን እንጂ ለአፍ አይሆንም፤ ያማረ ሁሉ መቼ ይበላል?
የጋሽ ጉርሜሳን አጥር ዞርኩ፣ በማለዳ፣ በሹልክታ፤
አንዱን ቀጠፍኩ፣ ከነጤዛው፣ በሹክሹክታ ይቅርታ።
ከርከዴም አለኝ፣ የደረቀ፣ ጥቁር መሳይ፣
ውሃ እስኪነካው ድረስ ቀለሙ የማይታይ።

በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ክዳን ደፍቼ፤
ስኳሩን ከሎሚ ጋር አቀለጥኩ፣ እሳቱን ገትቼ።
ሻከር የለኝም፤ የማር ብልቃጥ አለ፣ ክዳኑ የሚያፈስ፤
እንጆሪውን ናጥኩት እንደ ወተት ቅል፣ ቀሚሴ ቀይ እስኪለብስ።

በረዶ ብዬ ፍሪጁን ከፈትኩ፤ መብራት ከሌሊት ሄዷል፤
በረዶው በሳህኑ ውስጥ፣ ከሰው ተደብቆ አልቅሷል።
እሺ። አዳማ ናት፤ ከሙቀቷ ሳትቀላቅል አታጠጣም።
አምቦውን ግን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ለነፋሱ ሰጥቼው ነበር፤ ነፋሱ አላሳፈረኝም።

«ማን ነው ጽጌረዳዬን የነካ?» ከአጥሩ ማዶ።
«እኔ ነኝ። ግባ ጋሼ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ወንጂ፣ እንፋሎት ለብሶ፣
የስንቱን ሻይ አጣፍጧል፣ የራሱን ላብ ቀምሶ።
ዛሬ ስኳሩ በደሙ ነው፤ ሐኪም «አትንካ» ብሎታል፤
«ጠላቴን እኔው አብስዬ፣ እኔው ከረጢት ሞላሁት» ይላል።

ለእሱ ሽሮፑን ተውኩ።
እንጆሪ፣ ከርከዴ፣ ሁለት ጠብታ ሎሚ፣
ከላይ አምቦ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ምስጢር ለሰሚ።
ተንጫጫ።
አረፋው ሮዝ ሆኖ ወጣ፣ እየተጋፋ፣ እየሮጠ፣
ደወል እንደ ሰማ ተማሪ፣ ከክፍል እንዳመለጠ።
የጽጌረዳውን ቅጠል ጣል አደረግኩ፤
ተንሳፈፈ፣ ዞረ፣ ባለቤቱን አየ።

ጋሽ ጉርሜሳ አልጠጣም፤ ብርጭቆውን ለጆሮው አስጠጋ።
«እንዲህ ነበር የሚለው ሽሮፑ» አለ፣ «ሊነጋ ሲል፣ ሊነጋጋ፤
የሌሊት ፈረቃው ሰው ሁሉ፣ እኔም፣ ቆመን ስናንቀላፋ፣
እሱ ብቻ ነበር የነቃ፣ የሚያንሾካሹክ በአረፋ።»

ከዚያ ተጎነጨ። ፊቱን አጨማደደ።
«ይጎመዝዛል» አለ።
ደግሞ ጠጣ። ደግሞ «ይጎመዝዛል» አለና
ባዶውን ዘረጋልኝ፣ እንደ ልጅ።

የእኔው ስኳር በዝቶበታል። እንግዳ ቢሆን ይመልሰው ነበር፤
እኔ ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለማን ነው የምመልሰው?
ቁጭ ብዬ ጠጣሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቁጭ ብዬ፣
ያበጠ እግሬን በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ሰቅዬ።

«ስንት ነው ሒሳቡ?» አለ ጋሽ ጉርሜሳ፣ ኪሱን እየዳበሰ።
«አንድ ጽጌረዳ።»
«እሱንማ ሰርቀሽ ወስደሻል።»
«እንግዲያ መልስ አለህ» ብዬ ሦስተኛውን ቀዳሁለት።

መብራት መጣ። ፍሪጁ ከጓዳ ማጉረምረም ጀመረ፤
ሬዲዮ የሆነ ቤት ውስጥ ከመሃል ዓረፍተ ነገር ተናገረ።
ማናችንም አልተነሣንም።